ሞተሩ ስንት ነው?

የዛሬው ትምህርታችን ከአንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ይህ ፒካፕ የተሸከመው ሞተር ልኩ ስንት ነው? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። አትክልት ተራ ላይ ለአራት ሰው ብታቀርቡት ግን አምስት መልስ ታገኛላችሁ፤ አንዱን ከባለቤቱ፣ አንዱን ከሹፌሩ፣ አንዱን ከመካኒኩ፣ ሁለቱን ከደላላው።

ደላላው ሁለት መልስ የሚሰጠው የግድ ዋሾ ሆኖ አይደለም። መጀመሪያ "አምስት ኤል ነው" ይላል፤ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ "አምስት ሊትር! ጋራ የሚገፋ ሞተር!" ይላል፤ ይህ ስሕተት ነው። 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ሞተር ልኩ 2,986 ሲሲ ነው፤ ሦስት ሊትር ለመሙላት ጥቂት የቀረው። በአንድ ትንፋሽ በተነገሩት ሁለት ነገሮች መካከል ሁለት ሺህ ሲሲ ጠፋ ማለት ነው። የት እንደ ጠፋ ቀስ ብለን እንፈልገዋለን። የቸኮለ ሰው ቀብዱን ከፍሎ ሊሄድ ይችላል፤ ትምህርቱ ለሚቆይ ሰው ነው።

ነገሩን ከአትክልት ተራ ያነሣነው በምክንያት ነው። ጅምላ ገበያው በፒያሳና በመርካቶ መካከል ሳለ የአዲስ ከተማ ቸርቻሪ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በወዛደር ትከሻ ወይም በጋሪ አስወጥቶ ሱቁ ያደርስ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ስሙ ከሰፈሩ አልተላቀቀም፤ ዕቃው ግን ራቀ። ያንን ርቀት ትከሻ አይችለውም። ስለዚህ ለሆቴል የሚያቀርበውም፣ የጉሊት ነጋዴዋም፣ ባለሱቁም ወይ ፒካፕ በጋራ ይከራያሉ ወይ ገንዘብ አጠራቅመው ሲንግል ጋቢና ያፈላልጋሉ። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አገር ውስጥ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወሩ ነው። ሦስት አራት ባለቤት ያየ መኪና ታሪኩን ራሱ አይናገርም፤ ይነበባል እንጂ።

በቅድሚያ ልክ ስንል ምን ማለታችን ነው? የፈረስ ጉልበቱን አይደለም፤ የሞተሩን ክብደትም አይደለም። ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ከታች ጫፍ ተነሥቶ እስከ ላይ ጫፍ ሲሄድ የሚጠርገው ባዶ ቦታ አለ። የአንዱን ሲሊንደር ጠረጋ በሲሊንደሮቹ ብዛት ስናባዛው የሞተሩ ልክ ይገኛል። መለኪያው ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው፤ በአጭሩ ሲሲ የምንለው። ሺህ ሲሲ አንድ ሊትር ነው። ይህ ሊትር በማደያ ከሚቀዳው ናፍታ ሊትር አይለይም፤ ልዩነቱ ሞተሩ የሚለካው በሚይዘው ነዳጅ ሳይሆን ፒስተኖቹ በሚጠርጉት ቦታ መሆኑ ነው። "ሦስት ሊትር ሞተር ሦስት ሊትር ናፍታ ይፈጃል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በትዕግሥት አስረዱት፤ ብዙ ነው።

ደብተር የያዘ ሰው አብሮን ያስላ። 3ኤል የሚባለውን የቶዮታ ሞተር እንውሰድ። የሲሊንደሩ ስፋት 96 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርዝመትም 96 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲሊንደሮቹ አራት ናቸው። ስፋቱን በራሱ እናባዛ፦ 9.6 ሴንቲ ሜትር በ9.6፣ 92.16 ይሆናል። ቅርጹ ክብ ስለሆነ በ0.7854 ሲባዛ 72.38 ይወጣል። ይህን በርዝመቱ፣ በ9.6፣ ስናባዛ 695 ሲሲ ገደማ እናገኛለን፤ የአንዱ ሲሊንደር ድርሻ ነው። አራት ጊዜ ሲሆን 2,779 ሲሲ። ፋብሪካው ስለ ሞተሩ የሚጽፈውም ይህንኑ ነው። አሁን ወደ 5ኤል እንለፍ። የፒስተኑ መመላለሻ ያው 96 ነው፤ ስፋቱ ግን 99.5 ሆኗል። በዚያው መንገድ አስሉት፤ 2,986 ይመጣል። ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ስፋት ብቻ ተጨምሮ ልኩ በ207 ሲሲ አደገ። ይህችን ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል አትርሷት፤ ኋላ መለዋወጫ ልንገዛ ሶማሌ ተራ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

እንግዲህ ልኩ በፋብሪካ የተወሰነ፣ በእርሳስና በወረቀት የሚደረስበት ነገር ከሆነ ሰዎች ስለ አንድ መኪና ለምን ይለያያሉ ቢሉ፣ ማንም ሲሊንደሩን ከፍቶ ስለማይለካ ነው። ሰው የሚያነበው ምልክት ነው። ምልክት ደግሞ ጸሐፊ አለው። ስለዚህ ከፒካፑ ላይ ባገኛችሁት ጽሑፍ ሁሉ ፊት ቆማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? የትምህርታችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

ከመኪናው ጀርባ እንጀምር። የኋላ ስፖንዳው ላይ "3.0" የሚል የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ ተለጥፏል። ማን ጻፈው? ፋብሪካው ሊሆን ይችላል። መርካቶ ገብቶ በጥቂት ብር የገዛው ሰውም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ፣ ይህም የተለመደ ነው፣ መኪናው ከኋላ ተገጭቶ ስፖንዳው ሲለወጥ ከሌላ የቶዮታ ሀይሉክስ የመጣው ስፖንዳ ጽሑፉን ይዞ መጥቷል፤ ባለቤቱ አላታለለም፣ አልነቀለውም ብቻ። መቼ ተጻፈ ለሚለው መልስ የለም። ጸሐፊውም ጊዜውም ያልታወቀ ምልክት ጥርጣሬን ሊያስነሣ ይችላል እንጂ ምንም አያጸናም። አጠገቡ ያለው "ዲ-4ዲ" የሚለውም እንዲሁ ነው፤ እርሱ የነዳጁን አረጫጨት ይናገራል እንጂ ስለ ልክ አንዲት ቃል አይናገርም፤ ባለ 2.5ቱም ባለ 3.0ውም ይለጥፉታል። ኮፈኑ ላይ ስላለው የአየር መሳቢያ ቀዳዳም ይህንኑ እንበል። ቪጎ በምንለው ሀይሉክስ ዘመን ብዙ ሰው "ቀዳዳ ካለው ሦስት ነው" ይል ነበር። ቀዳዳው አየር ማቀዝቀዣ ያለው ቱርቦ መኖሩን ይጠቁማል፤ ኋላ ኋላ 2.5ቱም እንዲህ ዓይነቱን ይዞ መጥቷል። ቀዳዳ ለብቻው ተገዝቶ እንደሚገጠም ደግሞ የላሜራ ሠራተኛ ጠይቁ።

ቀጥሎ ሊብሬ። ሊብሬ የመንግሥት ወረቀት ነው፤ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የነዳጅ ዓይነትና የሞተሩ ልክ ይሰፍርበታል። በአገራችን የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ክብር ይገባዋል። ሆኖም ያንኑ ጥያቄ እንጠይቀው። ማን ጻፈው? የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ከጉምሩክ ወረቀት ወይም ከመርማሪ ቅጽ ላይ ገልብጦ። መቼ? መኪናው በተመዘገበበት ወይም ስም በዞረበት ቀን። ስለዚህ ሊብሬ የሚመሰክረው ስለዚያ ቀን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሞተሩ ተቃጥሎ በሌላ ያገለገለ ሞተር ከተተካና ባለቤቱ ካላስመዘገበ ወረቀቱ ስለ ሞተ ሞተር ይናገራል። ሰው ሊብሬን እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ፍርድ ያየዋል፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የአንድን ሰው የልደት ካርድ አይቶ ዛሬ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን እንደ መናገር ነው።

"ታዲያ ኤክሳይስ ሲከፈል ጉምሩክ ልኩን አላረጋገጠም ወይ?" የሚል ተማሪ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በአዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት ኤክሳይስ በሲሲ ይመደብ ነበር፦ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ 100 በመቶ። ኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ የመኪናውን ዕድሜ አብሮ እንዲቆጠር አደረገ። አሁን አስተውሉ። 2,494 ሲሲ የሆነውም 2,982 ሲሲ የሆነውም ሀይሉክስ ሁለቱም ከ1,800 በላይ ናቸው፤ በአንድ እርከን ይወድቃሉ። ቀረጥ ሰብሳቢው እርከኑን ካወቀ ይበቃዋል፤ ለእናንተ ግን በዚያው እርከን ውስጥ ያለው ልዩነት የገንዘብ ልዩነት ነው። ሻጩ "3.0 ስለሆነ በኤክሳይሱ ምጣኔ ተጎድቻለሁ" ቢላችሁ ምጣኔው ለሁለቱም አንድ እንደ ነበር በትሕትና ንገሩት።

ከወረቀቱ ወደ ብረቱ እንለፍ። ኮፈኑን አስከፍቱ። ሀይሉክስ ከሆነ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን ስስ ብረት ታገኛላችሁ፤ ሞዴል፣ ሞተር፣ ሻንሲ፣ ቀለም፣ ካምቢዮ እያለ በላቲን ፊደል የተዘረዘረበት። "ሞተር" በሚለው መስመር የሞተሩ ስምና ሲሲው ጎን ለጎን ይገኛሉ። ማን ጻፈው? ፋብሪካው። መቼ? መኪናው በተሠራበት ጊዜ። ጸሐፊው ታምኗል፤ ጊዜውም ታውቋል። ስለዚህ ይህ ብረት መኪናው ሲወለድ ምን ሞተር እንደ ነበረው ያለ ማወላወል ይነግራችኋል።

ሲሲው ተፍቆ ወይም ዝጎ ባይነበብ እንኳ የሞዴሉ መስመር ይረዳል። በቶዮታ ፒካፕ የሞዴል ስም ውስጥ የመጀመሪያው ፊደል የሞተሩን ቤተሰብ ይጠራል። ኤልኤን ብሎ ከጀመረ የኤል ቤተሰብ ናፍታ ነው፤ ኬዩኤን ካለ የኬዲ፤ ጂዩኤን ካለ የጂዲ። ኬዩኤን25 ባለ 2,494 ሲሲ ነው፤ ኬዩኤን26 ደግሞ ባለ 2,982። ሰው "25 ማለት 2.5 ነዋ!" ብሎ ይደሰታል፤ ከዚያ 26ን ሲያይ 2.6 ብሎ ይገዛል። 25 ከ2.5 ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው። አጋጣሚን ሕግ ያደረገ ሰው ጂዩኤን125ን ምን ሊለው ነው? እርሱ 2,393 ሲሲ ነው፤ ጂዩኤን126 ደግሞ 2,755።

አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥርስ? የመኪናውን ማንነት ለመለየት ከእርሱ የሚበልጥ የለም። በኤምአር0 የጀመረ ሀይሉክስ ታይላንድ የተሠራ ነው፤ በኤኤችቲ የጀመረ ደቡብ አፍሪካ። ስለ ሞተሩ ልክ ግን ፋብሪካው ዘንድ ያለ ሰንጠረዥ ካልተከፈተ በዓይን አይነበብም። የቶዮታ ወኪል ሞኤንኮ ዘንድ ወይም የፋብሪካውን የመለዋወጫ ካታሎግ በኮምፒዩተር የሚያይ መለዋወጫ ሻጭ ዘንድ ቁጥሩን ብትወስዱ ያወጡላችኋል። ይህም ቢሆን የሚነግራችሁ የልደቱን ሞተር ነው።

ከሁሉ በላይ የሆነው ምስክር ሞተሩ ራሱ ነው። ከብረት በፈሰሰው ብሎክ ጎን ላይ፣ ለዚሁ ተብሎ ጠፍጣፋ ተደርጎ በተላገ ቦታ፣ የሞተሩ ስምና ተራ ቁጥሩ ተመትቶበታል። ማን ጻፈው? ሞተሩን የሠራው። መቼ? ሞተሩ ሲሠራ። ከመኪናው ጋር አልተወለደም፤ ከሞተሩ ጋር ተወልዶ ሞተሩ በሄደበት ይሄዳል። ሞተሩ ከአንድ ፒካፕ ወርዶ በሌላው ላይ ቢወጣ ቁጥሩም አብሮ ይወጣል። ስፖንዳው፣ ሊብሬው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ብረት፣ ሁሉም ስለ ሞተሩ ይናገራሉ፤ ሞተሩ ላይ ያሉ ግን አይደሉም።

እስኪ በቅርብ እንየው። አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ፣ ኮድ 3 የሆነ ነጭ ሲንግል ጋቢና ልትገዛ፣ ከወንድሟ ልጅ ጋር መጥታለች እንበል። ደላላው "እትዬ፣ ይሄ እኮ አምስት ኤል ነው፤ ጭኖ አያውቅም፤ የቤት መኪና ነው" ይላታል። እርሷ "እሺ ልጄ፣ ኮፈኑን ክፈትልኝ" ትላለች። ሲከፈት በመስታወቱ ግርጌ፣ መጥረጊያዎቹ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ፣ የደረቀ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ተከምሯል። ነጋዴዋ ልጣጩን በሁለት ጣት አንሥታ ለደላላው ታሳየዋለች፤ አትናገርም። ልጁ በናፍታ የራሰ ጨርቅ ይዞ የብሎኩን ጎን ያሻል። መጀመሪያ የሚመጣው ጥቁር ቅባት ነው፤ ከሥሩ የመቂ መንገድ አቧራ ከዘይት ጋር ተላቁጦ እንደ ሰም የጠነከረ። ደግሞ ያሻል። ጠፍጣፋው ቦታ ብቅ ሲል የስልኩን መብራት ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ያበራበታል፤ የተመታ ቁጥር ጥላ ሲኖረው ነው የሚነበበው። ዓይኑ በማይደርስበት ስልኩን አስገብቶ ፎቶ ያነሣል። "3" ይላል፤ ቀጥሎ "ኤል"፤ ከዚያ ሰረዝና ሰባት ቁጥር። አምስት የተባለው ሦስት ሆነ። ዋጋው ላይ ገና መነጋገር ተጀመረ።

ያችን ምልክት ካገኛችሁ በኋላ መተርጎም አለባት፤ የጠፋው ሁለት ሺህ ሲሲም የሚገኘው እዚህ ነው። በቶዮታ ልማድ ፊደሉ የሞተሩን ቤተሰብ ይጠራል፤ ከፊቱ ያለው ቁጥር በቤተሰቡ ውስጥ ያለውን ወንድም ይለያል። ቁጥሩ ሊትር አይደለም። 2ኤል 2,446 ሲሲ፣ 3ኤል 2,779፣ 5ኤል 2,986 ነው። በኤል ቤተሰብ ቁጥሩ ሲያድግ ልኩም ስላደገ ሰው ሕግ መሰለው። ወደ ኬዲ ቤተሰብ ስትገቡ ግን ይገለበጣል፦ 1ኬዲ 2,982 ሲሲ፣ 2ኬዲ 2,494። በጂዲም ያው ነው፤ 1ጂዲ 2,755፣ 2ጂዲ 2,393። ስለዚህ "ሁለት ከአንድ ይበልጣል" ብሎ 2ኬዲን በ1ኬዲ ዋጋ የገዛ ሰው ሒሳብ አልተሳሳተም፤ ቋንቋ ነው የተሳሳተው።

ሌሎቹ ፋብሪካዎች ደግሞ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ኒሳን ልኩን ራሱን ይጽፋል፦ ቲዲ27 የተባለው 2,663 ሲሲ ነው፣ ዋይዲ25 2,488፣ ኪውዲ32 3,153። አሥረኛውን ክፍል አጠጋግቶ መጻፉ ነው፤ ለገዢ እንዲህ ያለ ቅን ፋብሪካ የለም። ይህን የለመደ ሰው ሚትሱቢሺ ኤል200 ላይ 4ዲ56 ሲያነብ 5.6 ሊትር ይመስለዋል። አይደለም፤ 4 የሲሊንደር ብዛት ነው፣ ዲ ናፍታ መሆኑን ይናገራል፣ ልኩ 2,477 ሲሲ ነው። ኢሱዙም በሲሊንደር ብዛት ይጀምራል፤ 4ጄኤ1 2,499 ሲሲ፣ 4ጄቢ1 2,771፣ 4ጄኤች1 2,999። ከመቂና ከባቱ ቲማቲም ጭኖ የሚገባው ኤንፒአር ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት 4ኤችጂ1 ደግሞ 4,570 ሲሲ ነው። እነዚህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። መያዝ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ በአንዱ ፋብሪካ ሰዋስው በሌላው ላይ አትፍረዱ።

አሁን ተቃውሞ እንስማ። አንድ አሮጌ ሹፌር "እኔ በድምፅ አውቀዋለሁ፣ ኮፈን ምን ያስከፍታል?" ይላል። እናከብረዋለን፤ ናፍታውን ከቤንዚኑ፣ ቱርቦ ያለውን ከሌለው በጆሮው ይለያል፤ ኖዝሉ የታመመውን ሞተርም ከሩቅ ያውቀዋል። ሆኖም 3ኤልንና 5ኤልን በድምፅ መለየት የሚችል ጆሮ ካለ ያው ጆሮ ዐይኑን ጨፍኖ ይፈተን። በሁለቱ መካከል ያለው ያቺ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ናት።

ሌላው ደግሞ "ልኩ ምን ያደርግልኛል፣ ጉልበቱን ነው የምፈልገው" ይላል። ይህ ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ ከፊሉ እውነት ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ትገኛለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ይህንኑ ስስ አየር ነው፤ ባለሦስት ሊትሩ 5ኤል ሦስት ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይጠርጋል፣ የሚሞላው ግን በሳሳ አየር ነው። ቱርቦ ያለው 2ኬዲ ልኩ ቢያንስም አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባ ከመቂ ሽቅብ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ተጭኖ ሲወጣ 5ኤልን ሊቀድመው ይችላል። እንግዲያ ልክ ጉልበት አይደለም። ይሁን እንጂ ልኩን ያላወቀ ሰው ጉልበቱንም አያውቅም፤ የትኛው ሞተር እንደሆነ ሳይለይ ቱርቦ ኖሮት ነው ወይስ ሳይኖረው፣ አርጅቶ ነው የደከመው ወይስ ሲፈጠር እንዲህ ነው ብሎ መጠየቅ አይቻልም። የእኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ እያለ ለሚጭን ሰው አሮጌውን የኤል ቤተሰብ እመርጣለሁ፤ ኮምፒዩተር የለውም፣ ማንኛውም የሰፈር ጋራዥ ይፈታዋል። ሽቅቡን በየቀኑ ለሚወጣ ግን ቱርቦ ይሻለዋል።

ልኩን ማወቅ ጥርት ብሎ የሚጠቅመው መለዋወጫ ስትገዙ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ "የሀይሉክስ ፒስተን" ብትሉ ሻጩ መልሶ "የስንቱ?" ይላችኋል። 96 ሚሊ ሜትር የሆነው የ3ኤል ፒስተን 99.5 በሆነው የ5ኤል ሲሊንደር ውስጥ እንደ ልቡ ይወዛወዛል፤ የ5ኤሉ በ3ኤል አይገባም። ይህ ቢያንስ ወዲያው ይታያል። የሚያሳስበው የቴስታታ ጋስኬት ነው። ከውጭ ሲታዩ የሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ የጠበበው በሰፊው ላይ ቢገጠም ግን ጠርዙ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ እሳት ውስጥ ይቀመጣል። ጥቂት ቀን ይሠራል። ከዚያ ውኃው ይፈላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ ባለመኪናው መካኒኩን ይከሳል፤ መካኒኩ ሻጩን። ጥፋቱ ግን ብሎኩን ሳያነቡ ከመጀመራቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ እናስወግድ። ሞተሩ ታድሶ ሲሊንደሩ ቢሰፋ ልኩ ተለወጠ አይደለም ወይ ቢሉ፣ ተለውጧል፤ ግን ጥቂት ነው። 3ኤል በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሰፋ 96.5 ይሆናል፤ ስታሰሉት 2,808 ሲሲ ይወጣል። ሃያ ዘጠኝ ሲሲ ብቻ ነው የጨመረው። ሞተሩ አሁንም 3ኤል ነው፤ ፒስተን ስትገዙ ግን የሰፋበትን መጠን መናገር አለባችሁ፤ ፒስተኑ አናት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የቀረው ምስክሮቹ ሲጣሉ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ብሎኩ 3ኤል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ብረት 2ኤል፣ ሊብሬው ሌላ ቢል ሁልጊዜ ወንጀል አለ ማለት አይደለም። በአገራችን ሞተር መለወጥ የዕለት ሥራ ነው፤ ቤንዚን የነበረውን አውጥቶ ናፍታ ያስገባ ባለፒካፕ ብዙ ነው። ጥያቄው ለውጡ ተመዝግቧል ወይ የሚለው ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከብሎኩ ቁጥር ጋር ከገጠመ ለውጡ በሕግ ታውቋል፤ ልኩንም በብሎኩ ፍረዱ። ካልገጠመ ስም ሲዞር መርማሪው ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ የሞተሩን ሕጋዊ አመጣጥ የማስረዳት ሸክም እናንተ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሞተሩን የግዢ ደረሰኝ ወይም የጉምሩክ ወረቀት ከሻጩ ሳትቀበሉ አትለፉት።

ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ራሱም ይመርመር። የፋብሪካ ቁጥር በአንድ ልክ፣ በአንድ ጥልቀት፣ በቀጥታ መስመር ይቆማል። ቦታው በመፍጫ የተፋቀ ከመሰለ፣ አንዱ ቁጥር ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ፣ ወይም ብሎኩ ሁሉ አሮጌ ሆኖ ያ ቦታ ብቻ ካበራ፣ ሲሲውን ተዉት፤ መኪናውን ራሱን ተዉት። እንዲህ ያለ ሞተር ስንት ሊትር እንደሆነ ማወቅ ከጣጣው አያድናችሁም።

ሁሉም ከገጠመ ደግሞ ያነበባችሁትን ወደ ወረቀት አስገቡት። ውልና ማስረጃ ስትሄዱ የሽያጭ ውሉ ላይ የሚሰፍረው የሞተር ቁጥር ከሊብሬው የተገለበጠው ብቻ እንዳይሆን፤ ብሎኩ ላይ ያነሣችሁትን ፎቶ ከፍታችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ዜሮና "ኦ"፣ አንድና "አይ" በላቲን ፊደል ይመሳሰላሉ፤ ጸሐፊው ቢሳሳት ኋላ የምትመላለሱት እናንተ ናችሁ። ሻጩ "ምን ያደርጋል፣ እኔ እያለሁ" ቢል "ጋሼ፣ እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም፤ ቁጥሩን ነው" በሉትና ማመሳከራችሁን ቀጥሉ።